«ተይ» የተባለው ሰው

ዶክተር መሸሻ በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው በነሐሴ መጀመሪያ፣ ከእንጦጦ የወረደው ዶፍ ዝናብ ገና ሲያባራ ነው። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። አጠገቡ፣ ወረቀቱን ነፋስ እንዳይበትንበት ጠረጴዛው ላይ ያኖረው የነበረ አሮጌ የከሰል ካውያ ወድቋል። መጀመሪያ ያየችው ሚስቱ የዓለምወርቅ ነበረች። ጩኸቷን የሰሙ የጉለሌ ጎረቤቶች ግቢውን ሞሉት፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ለሜሳም ጥበቃዎቹን አስከትሎ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

ከፖሊስ የተላከችው የምርመራ መኮንን የመቶ አለቃ ገበያነሽ ናት። አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ቀጠን ያለች፣ ሰው ሲናገር ከዓይኑ ይልቅ አፉን የምታይ ሴት ነች። ባልደረቦቿ «ገበያነሽ ፊት ስትቀርብ ምላስህን ጠብቅ» ይባባሉ ነበር።

«ጓድ ገበያነሽ፣ ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ለሜሳ፤ ገና እግሯ ሳይገባ። «ከዚህ ግድግዳ ማዶ ሱቅ አለ፤ ባለሱቋ ሁሉንም ሰምታለች። ገዳይዋ ሴት ናት። እሷም ረዳቱ ደራርቱ ናት። ሰው ልኬ አስይዣታለሁ።»

«ማን አዘዘህ?»

«አብዮታዊ ግዴታዬ ነው!»

«እንግዲያው ግዴታህን ተወጥተሃል። አሁን ከበሩ ዞር በልልኝ፤ ብርሃን ከለከልከኝ።»

ክፍሉ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ከአጥሩ ጋር የተሠራ ነው። አንዱ በሩ ወደ ግቢ፣ ሌላው ወደ መንገድ ይከፈታል። ጠረጴዛው ላይ ባለ ሁለት ጥቅል ትልቅ የቴፕ መቅጃ ተቀምጧል። የሚሸፈንበት ጨርቅ ተጣጥፎ ወንበር ላይ ተደርጓል፤ ክሩም ግማሹ በአንደኛው፣ ግማሹ በሌላኛው ጥቅል ላይ እንደተጠመጠመ ቆሟል። ገበያነሽ ሬሳው ከተነሣ በኋላ በሩን ከውስጥ ዘጋች። ክሩን ጥቂት ወደ ኋላ መልሳ ማሽኑን አስነሣችው።

የወጣት ሴት ድምፅ ተሰማ። «መጣህልኝ? እንዴት ዋልክ የኔ ጌታ? ና አረፍ በል። እግርህን ላሳጥብህ…» ከዚያ ለስለስ ያለ ሳቅ ተከተለ።

ገበያነሽ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ክሩን እስከ መጀመሪያው አጠንጥና፣ ድምፁን ቀንሳ፣ ሁሉንም አዳመጠች። ስትጨርስ ጥቅሉን አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ለማንም አልተናገረችም።

ሟቹ የቋንቋ ተመራማሪ ነበር። ሲያጠናው የኖረው ለብዙዎች እንደ ጨዋታ የሚታይ ነገር ነው፤ ሰው ሰውን መቼና ለምን «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» እንደሚል። አብዮቱ ሁሉንም «ጓድ» ካለ ወዲህ እነዚያ ቃላት ምን እንደደረሰባቸው ለማወቅ መቅጃውን ተሸክሞ ይዞር ነበር። ሸጎሌ በግ ተራ፣ ጳውሎስ አካባቢ ያሉ ሻይ ቤቶች፣ የቀበሌ ስብሰባ፤ አንዱም አልቀረው።

ገበያነሽ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ባለሱቋ ወደ ጀዊሪያ ነው። ጀዊሪያ ጠና ያለች፣ ሻሿን እያስተካከለች የምታወራ ሴት ናት።

«ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ እኔ ጨው እመዝናለሁ» አለች። «መጀመሪያ የሴት ድምፅ ሰማሁ። የዚያች የምትረዳቸው ልጅ ድምፅ ነው። አልስተውም እህቴ፣ በየቀኑ ሰላም ብላኝ ነው የምታልፈው።»

«ምን ስትል ሰሟት?»

«ቃሉን ዝናቡ በላው። ግን ትስቅ ነበር።»

«አልተቆጣችም?»

«ኧረ ወላሂ! እንደ አዲስ ሙሽራ ነው የምትስቀው። ከዚያ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ እሳቸው ጮኹ፤ እዚሁ ግድግዳው ሥር ሆነው። ‹ተይ! ኧረ ተይ!› አሉ። ከዚያ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ።»

«ልጅቱስ ያኔ ምን አለች?»

ጀዊሪያ አሰበች። «ያኔስ… ድምጿን አልሰማሁም።»

የዓለምወርቅ ዋናው ቤት ውስጥ፣ ከለቀስተኞቹ ተለይታ ጓዳ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አጣፍታለች።

«ያኔ የት ነበሩ?» አለች ገበያነሽ።

«ሸጎሌ። ዶሮ ልገዛ።»

«ገዙ?»

«ተወደደብኝ።»

በዚህ መሐል አንዲት ሴት በሩን ገፋ አድርጋ «እህት የዓለምወርቅ፣ ጌታ ያጽናሽ…» ብላ ጀመረች፤ የፖሊስ ልብሱን ስታይ ቃሉ አፏ ላይ ደረቀ፤ ጎንበስ ብላ ወጣች። በዚያ ዘመን የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤቶች ታሽገው ነበር። አማኞቹ በየሰው ሳሎን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ፤ የተገኘ ይታሰራል። «እህት» የምትለው አጠራር፣ ሳይወለዱ እህት መባባል፣ ለሚያውቅ ሰው ብዙ ትናገራለች። ገበያነሽ ሴትየዋን አላስጠራቻትም፤ ስለ ዶሮውም ደግማ አልጠየቀችም።

«ደራርቱ ባልዎን ምን ብላ ነበር የምትጠራቸው?» አለች በምትኩ።

የዓለምወርቅ ቀና አለች፤ ፊቷ ላይ ከሐዘኑ ሥር ሌላ ነገር ብልጭ አለ።

«እርስዎ! ዶክተር! ጎንበስ ብላ፣ ድምጿን ቀንሳ። ያ ነው የሚያቃጥለኝ። አንተ ብትለው ይቀለኝ ነበር። እኔ ሚስቱ አንተ ነው የምለው፤ የለመደው ነገር ነው፣ አይሰማውም። እሷ እርስዎ ስትለው ግን ፊቱ ይበራል። ከሥራ ክፍሉ ሳቃቸው ይሰማኛል። ቡና እንኳ ይዤ ብገባ ዝም ይላሉ።»

«ቀንተዋል ማለት ነው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ቀናሁ። ሲመጣ ከበር አልቀበለው፣ ሲያወራኝ አልመልስለት። እንዳበደ ሰው ኮቱን አሸትት ነበር። ይኸው ነገርኩዎ። ግን አልገደልኩትም።»

«ያን ቴፕ መክፈት ይችላሉ?»

«እጄን አስነክቶኝ አያውቅም።»

«የቅርብ ወዳጅስ ማን ነበራቸው?»

«ጉታ። አብሮት የሚሠራ ነው። ተማሪ ሳሉ አንድ ክፍል ነበር የሚኖሩት፤ ሲጠራሩ እስከ ዛሬ እንደ ኮረዶች ናቸው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ብቅ አላለም።»

ደራርቱን የቀበሌው እቃ ማስቀመጫ ውስጥ፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ስታለቅስ ስለቆየች ዓይኖቿ አብጠዋል።

«እኔ አይደለሁም» አለች። «ጠዋት ስንሠራ ቆየን፤ ከምሳ በፊት ወጣሁ። አክስቴ ሆስፒታል ተኝታለች፤ እሷ ዘንድ ነበርኩ።»

«አክስትሽ ይመሰክራሉ?»

«ራሷን አታውቅም። ሰው ሲገባ ሲወጣ አትለይም።»

«ስትወጪ ቴፑን እንዴት አድርገሽ ተውሽው?»

«እስከ መጀመሪያው አጠንጥኜ፣ ጨርቁን አልብሼ። ዶክተር በዚህ አይቀልዱም።»

«የቀዳችሁትን ሌላ ሰው ሰምቶታል?»

«ማንም። ነገ እንሰማዋለን ተባብለን ነው የተለያየነው።» ከዚያ የፖሊሷን ፊት አይታ ደነገጠች። «ሰምተውታል? የመቶ አለቃ፣ እሱ እኮ…»

«ሰምቼዋለሁ፤ ከመጀመሪያው። ለማንም አታንሺው።» ገበያነሽ ጆንያው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «የሚፈልግሽ ሰው አለ?»

ደራርቱ ወደ መሬት አየች። «አቶ ጉታ ለጋብቻ ጠይቀውኛል። አስብበታለሁ አልኳቸው።»

«እርስዎ ነው የምትያቸው?»

«ይበልጡኛል በዕድሜ። ‹አንተ በይኝ፣ አንዴ ብቻ በይኝ› ብለው ለምነውኛል። አፌ እምቢ አለኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ገበያነሽ ጉታን ቢሮው አገኘችው። ክራቫቱን አሳምሮ ያሠረ፣ ጸጉሩ ከጆሮው በላይ የሸበተ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«መሸሻ ወንድሜ ነበር» አለ። «የእናቴ ልጅ እንኳ እንደሱ አይሆንልኝም።»

«ቤታቸው መጨረሻ የሄዱት መቼ ነው?»

«ክረምት ከገባ ወዲህ አልረገጥኩም። ያን ቀንም እዚሁ ቢሮዬ ነበርኩ።»

«ከረዳታቸው ጋር የተለየ ነገር ነበራቸው ይባላል።»

ጉታ ብዕሩን አንሥቶ ክዳኑን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ።

«የመቶ አለቃ፣ እኔ የቋንቋ ሰው ነኝ። ሰው ፍቅሩን ቢደብቅ ተውላጠ ስሙን መደበቅ አይችልም። ሰው ፊት ‹ዶክተር፣ እርስዎ› ትለዋለች። ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ‹መጣህልኝ? እግርህን ላሳጥብህ› ነው!»

«ስትል ሰምተዋታል?»

«ሰው ያወራል።»

«ማን?»

«ሰው ነዋ! ሰፈር ያወራል።»

«እርስዎንስ ምን ትልዎታለች?»

የጉታ ፊት ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። ገበያነሽም አልጠበቀችውም፤ ተነሥታ በሩ ጋ ስትደርስ እንደ ዘበት ዞር አለች።

«ዶክተር መሸሻ እርስዎን ሲጠሩ ምን ይሉ ነበር?»

«ጉታ፣ አንተ። ሌላ ምን ይለኛል?»

«አመሰግናለሁ።»

ወደ ጉለሌ ስትመለስ ለሜሳ ከቀበሌው ደጃፍ ጠበቃት። «ልጅቱ ነገ ወደ ላይ ትተላለፋለች» አላት። «ትእዛዝ ነው። ባለሱቋ ሰምታለች፣ ‹ተይ› ብሏታል፣ ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ?»

ወደ ላይ የተላለፈ ሰው እንዴት እንደሚመለስ፣ ጨርሶ የማይመለስም እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ነገ ጠዋት፣ ከመተላለፏ በፊት፣ ሁሉም ሟቹ ክፍል ይሰብሰቡልኝ» አለች ገበያነሽ። «አንተም ና፤ ያላለቀ ነገር ካለ አንተው ትነግረኛለህ።»

በማግስቱ ማለዳ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። የዓለምወርቅ ጥቁር ለብሳ ከግቢው በር አጠገብ ተቀመጠች። ደራርቱ በሁለት ጥበቃዎች መሐል ቆመች፤ የዓለምወርቅ አንድ ጊዜ አይታት ፊቷን አዞረች። ጀዊሪያ ሱቋን ዘግታ መጥታለች። ጉታ መስኮቱ ሥር፣ ለሜሳ በሩ ላይ ናቸው። ገበያነሽ ጥቅሉን ከቦርሳዋ አውጥታ ማሽኑ ላይ መለሰችው።

«ሁላችንም ገዳዩ ሴት ነው ብለን የተነሣነው በሁለት ነገር ነው» አለች። «እትዬ ጀዊሪያ የሴት ድምፅ ሰሙ። ቀጥሎ ሟቹ ‹ተይ› ሲሉ ሰሙ። እውነታቸውን ነው፤ ሁለቱም ተብሏል። መጀመሪያ ድምፁን እንይ። የምትስቅ ሴት ነበረች። ሟቹ ሲጮሁና ሲወድቁ ግን ያቺ ሴት አልጮኸችም፣ አልመለሰችም፣ አልተነፈሰችም። ለምን?»

እጇን ማሽኑ ላይ አኖረች።

«እዚህ ስላልነበረች ነው። የተሰማው ቴፑ ነው። ደራርቱ ስትወጣ ክሩን አጠንጥና ጨርቁን አልብሳው ነበር። እኔ ስመጣ ጨርቁ ተገልጧል፣ ክሩ መሐል ላይ ቆሟል። ማታለል ነው እንዳትሉ፣ ራሷን ነጻ ለማውጣት ቴፑን ሆን ብላ እንዲህ የተወች ሴት ቀድማ ትነግረኝ ነበር፤ እሷ ግን ጭራሽ ምን ዋጋ እንዳለው አላወቀችም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ከመንገዱ በር ገባ፤ ማሽኑን ከፍቶ አዳመጠ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ማሽኑን መክፈት አያውቁም።»

«እሷስ የት ነበረች?» አለ ለሜሳ። «ዶሮ ልገዛ ብላ ባዶ እጇን መመለሷን ሰምቻለሁ!»

የዓለምወርቅ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበች።

«የት እንደነበሩ አውቃለሁ፤ አረጋግጫለሁም» አለች ገበያነሽ፤ ዓይኗን ከለሜሳ ላይ ሳታነሣ። «ከዚህ ሞት ጋር አይገናኝም፤ መዝገቤም ውስጥ አይገባም። እንቀጥል። ‹ተይ› ወደሚለው። እትዬ ጀዊሪያ፣ ዶክተርና አቶ ጉታ ሱቅዎ በር ላይ ሲገናኙ እንዴት ነበር የሚጠራሩት?»

ጀዊሪያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አላህ! ዶክተር ‹ነይ ሻይ ልጋብዝሽ› ይሏቸዋል። አቶ ጉታ ደግሞ ‹ሂጂ ወዲያ፣ አንቺ ቀልደኛ!› ይላሉ። መጀመሪያ ጊዜ ሴት አለች ብዬ ከባንኮኒው ወጥቼ አይቻለሁ። እኔ እኮ… የልጅቱን ድምፅ ስለሰማሁ ሌላ አላሰብኩም!»

«ማንም አያስብም። ወንድና ወንድ እጅግ ሲቀራረቡ በሴት አንቀጽ መጠራራታቸውን ግን ዶክተር መሸሻ ራሳቸው ያጠኑት ነበር። አቶ ጉታ፣ እኔ ስጠይቅዎ ‹አንተ ነው የሚለኝ› አሉ። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ለምን ይዋሻል? ሚስታቸው የሚያውቁትን፣ ባለሱቋ የሚያውቁትን?»

«ቀልድ ነው» አለ ጉታ። «የተማሪ ቀልድ። ለፖሊስ የሚነገር አልመሰለኝም።»

«ይሁን። ሌላም ነገር ነግረውኛል። ‹መጣህልኝ? እግርህን ላሳጥብህ›። ይህ ቃል የተነገረው አንድ ጊዜ፣ ሟቹ በሞቱበት ዕለት ጠዋት፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። የሰሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሞተዋል፤ ሁለተኛዋ ታስራለች። ቴፑ ከእኔ ቦርሳ አልወጣም። ሰፈሩ ከየት ሰማው? ክረምቱን ሙሉ እዚህ ያልረገጡት እርስዎስ ከየት ሰሙት?»

ጉታ ክራቫቱን ሊያላላ እጁን አነሣ፤ እጁ ግን አንገቱ ላይ ቀረ። ደራርቱን አያት።

«ሰማኋት!» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «በዚህ ጆሮዬ ሰማኋት! ሁለት ዓመት ለመንኩሽ፤ አንዲት ‹አንተ› ነፈግሽኝ። እኔ ‹እርስዎ›፣ እኔ ‹አቶ ጉታ›፤ ለእሱ ግን ‹መጣህልኝ›! ባለትዳር ለሆነው! እኔ እኮ የመጣሁት ሽማግሌ ሁንልኝ፣ አባቷ ጋ ሂድልኝ ልለው ነበር። ክፍሉ ባዶ ነው። ምን እየሠራ ነው ብዬ ማሽኑን ነካሁት፤ ክሩን ወደ መሐሉ አሳለፍኩት። ከዚያ ድምጿ መጣ፤ እየሳቀች…»

ደራርቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ይስሙት» አለች ገበያነሽ። «እርስዎ መሐሉን ነው የሰሙት። መጀመሪያው ይኸው።»

አዝራሩን ተጫነችው። የሟቹ ድምፅ፣ ሰከን ያለ የአስተማሪ ድምፅ፣ ክፍሉን ሞላው።

«ምሳሌ ሦስት። ሚስት ባሏን ስትቀበል። አንባቢ፣ ደራርቱ።» ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ከዚያ የደራርቱ ድምፅ፦ «ዶክተር፣ ‹እግርዎን› ብዬ ላንብበው?» «እንደተጻፈው ነው ደራርቱ፤ ‹እግርህን›።» «አፈርኩ እኮ!» «ለሥራ ነው፤ እኔ አይደለሁም ባልሽ። በይ፣ ከላይ ጀምሪ።» ጥቂት ዝምታ። «መጣህልኝ? እንዴት ዋልክ የኔ ጌታ?…» ከዚያ ያ ሳቅ፤ የሚያፍር ሰው ሳቅ።

ገበያነሽ ማሽኑን አቆመችው። ጉታ መስኮቱን ተደግፎ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ሊነግረኝ ነበር» አለ፤ አሁን ለማንም ሳይሆን። «ሲገባ ያዝኩት፤ ስወቅሰው ሳቀብኝ። ‹አንቺ ቂል! ቀናሽ እንዴ?› አለኝ። መሳቁ ነው… ካውያው እጄ ላይ ነበር፤ ሊሸሽ ዞረ። ‹ተይ› አለኝ። ያኔም ‹ተይ› አለኝ፤ እንደ ድሮው።»

የለሜሳ ጥበቃዎች ደራርቱን ለቀው ጉታን አነሡት። ከበሩ ሲደርስ ወደ እሷ ዞሮ አንድ ነገር ሊል ፈለገ፤ ምን ብሎ እንደሚጠራት ጠፋበት መሰለኝ፣ ዝም ብሎ ወጣ። ለሜሳም ሳል ሳል ብሎ ተከተለው።

የዓለምወርቅ ከወንበሯ አልተነሣችም። ማሽኑን ታያለች።

«ያንን ማን ጻፈው?» አለች።

«እሳቸው» አለች ደራርቱ፣ እየፈራች። «‹ከየት አመጡት?› ስላቸው ‹ቤቴ ስሰማው የኖርኩት ነው› አሉኝ።»

የዓለምወርቅ ነጠላዋን ከግንባሯ ገለጠች።

«የእኔ ቃል ነው» አለች። «እንደተጋባን፣ ጭቃውን በእግሩ አቋርጦ ከማስተማር ሲመለስ፣ በር ላይ ቆሜ እንዲያ ነበር የምለው። ‹መጣህልኝ?› አንዲት ቃል ሳይስት ነው የጻፈው። ሁለት ዓመት ሆነኝ ካልኩት። ይናፍቀው እንደነበር ማን ያውቃል? እኔ ኮቱን ሳሸት እሱ…»

«ቴፑ ለፍርድ ቤት ያስፈልገኛል» አለች ገበያነሽ ዝግ ብላ። «ከዚያ በኋላ ላመጣልዎት እሞክራለሁ።»

«ይተዉት። ድምፁ የእሷ ነው፤ የእኔ የለበትም።»

ገበያነሽ ጥቅሉን ይዛ ወጣች። ደራርቱም ልትከተላት ተራመደች፤ የምትሄድበት ስላልገባት ግን በሁለቱ በሮች መሐል ቆማ ቀረች። የዓለምወርቅ የግቢውን በር ከፈተችላት።

«ሲቀበር ታስረሽ ነበር» አለቻት። «ግቢ። እንባሽን አውጪ። አብሬሽ አለቅሳለሁ።»